ቻናሉ ጠፋ፤ ሂሳቡስ?

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው ስለ ክፍያ ቴሌቪዥን ነው። የቻናል ባለቤቶችና ቻናሉን በዲሽ ወይም በኬብል ወደየቤቱ የሚያደርሱት አከፋፋዮች በዋጋ ይጣላሉ። ሳይስማሙ ውላቸው ያልቃል። ቻናሉም ድርግም ይላል። ጸሐፊው ይህ ለምን እንደሚሆንና እኛ ተመልካቾች ምን ማድረግ እንዳለብን ነግረውናል። አጻጻፋቸው ደስ ይላል። ሐሳባቸው ግን አብዛኛው አልተዋጠልኝም።

ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ጥፋቱ የቻናል ባለቤቱ ነው፤ አከፋፋዩ የእኛ ጠበቃ ሆኖ ነው የሚከራከረው። ቻናሉ የሚጠፋበት ቀን እንዲያው አጋጣሚ ነው። የተናደደ ደንበኛ ወደ ሌላ አከፋፋይ መሄድ ይችላል። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ለማንኛውም ነገሩ የአሜሪካኖች ነው፤ እኛን አይነካንም። እስከዚያው የቸገረው ሰርቨር ያስሞላ፣ ማለትም የተቆለፈውን ቻናል በኮድ ያስከፍት። መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥት ሁሉም ቻናል በሁሉም ዲሽ እንዲታይ በአዋጅ ያስገድድ ይላሉ። (ሰርቨር አስሞሉ ብሎ ወዲያው አዋጅ ይውጣ ማለት ትንሽ ግራ ያጋባል። ለአሁኑ ልለፈው።)

እኔ ጎንደር ውስጥ ዲሽ ሰቅዬና ሪሲቨር አስተካክዬ ነው የማድረው። ቻናል ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለኩባንያው አይደለም፤ ለዲሽ ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ተራ በተራ ልመልስላቸው።

አከፋፋዩ ጠበቃችን ነው ወይ?

ጸሐፊው ለዚህ ያመጡት ምሳሌ የኤችቢኦና የዲሽ ኔትወርክ ጠብ ነው። ኤችቢኦ የአሜሪካ የፊልምና የድራማ ቻናል ነው፤ ዲሽ ኔትወርክ ደግሞ እዚያው በሳተላይት የሚያከፋፍል ኩባንያ። ምሳሌው ጥሩ ነው። የተረኩት ግን ግማሹን ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1972 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዊልክስ ባሪ በምትባል ከተማ 365 ደንበኛ ይዞ ጀመረ። ማስታወቂያ አያሳይም። ከመደበኛው ፓኬጅ ውጭ፣ የፈለገ ሰው ተጨማሪ ከፍሎ ለብቻው የሚገዛው ቻናል ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በውል ጠብ ምክንያት ከአከፋፋይ ላይ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። በኖቬምበር 1 ቀን 2018 ግን ከዲሽ ኔትወርክ ላይ ጠፋ። እህቱ ሲኒማክስም አብራው ጠፋች።

ዲሽ የሰጠው ምክንያት ለጆሮ ይጥማል። ኤችቢኦ ለተወሰነ ቁጥር ደንበኛ ክፍያ ዋስትና ስጡኝ አለ፤ ያን ያህል ሰው ገዛውም አልገዛውም ክፈሉ አለን ሲል ወቀሰ። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱን የሚሸፍነው ማነው? ኤችቢኦን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሌላው ደንበኛ ነዋ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ያልነገሩን ግን አለ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የኤችቢኦን እናት ኩባንያ ታይም ዋርነርን ገዝቶ ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ የዳይሬክት ቲቪም ባለቤት ነበር። ዳይሬክት ቲቪ በሳተላይት የዲሽ ዋና ተፎካካሪ ነው። ስለዚህ ዲሽ ከኤችቢኦ ጋር ሲደራደር ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው የተቀናቃኙ ባለቤት ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ይህን ፈርቶ ግዢውን ለማስቆም በ2017 ክስ መሥርቶ ነበር። ዳኛ ሪቻርድ ሊዮን በጁን 2018 ክሱን ውድቅ አደረጉት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በፌብሩዋሪ 2019 አጸናላቸው። በክርክሩ ጊዜ ኩባንያው አንድ ቃል ገብቶ ነበር፦ በዋጋ ካልተስማማን ወደ ግልግል ዳኝነት እንሄዳለን፣ ጉዳዩ እስኪያልቅም ቻናል አናጠፋም፤ ይህም ለሰባት ዓመት ይጸናል የሚል። ቃሉ የተገባው ግን ሲኤንኤንና ቲኤንቲ ላሉበት ለተርነር ቻናሎች ነው። ኤችቢኦ አልተካተተም። የጠፋው ደግሞ ያ ያልተካተተው ነው።

እና ጠበቃችን የተባለው ዲሽ ስንት ጊዜ ተከራክሮ አስመለሰልን? ኤችቢኦ ወደ ዲሽ የተመለሰው በጁላይ 2021 ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። አከፋፋዩ ይህን ያህል የሚታገሠው ለእኔና ለእርስዎ አስቦ አይደለም። ቻናሉ በጠፋበት ወር ለቻናሉ ባለቤት የሚከፍለው የለም። የሚያጣው ደንበኛ ትንሽ ከሆነ፣ ዝም ብሎ መቀመጡ ያዋጣዋል። ደንበኛው ከበዛ ይፈራረማል። የቻናሉ ባለቤትም በበኩሉ ይኸንኑ ስሌት ነው የሚሠራው። ለተመልካች ብዬ ነው የሚለው ማስታወቂያ በሁለቱም በኩል ይለቀቃል፤ አንዳንዴ ቻናሉ በነበረበት ቁጥር ላይ ራሱ።

አሁን ጸሐፊው ጭራሽ ወዳልነኩት ነገር ልምጣ። እኔን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ኤችቢኦ ለብቻው የሚገዛ ቻናል ነው። ደረሰኝ ላይ የራሱ መስመር፣ የራሱ ዋጋ አለው። ሲጠፋ ደንበኛው ያቺን መስመር ያሰርዛታል፤ ሂሳቡ ይቀንሳል። ፓኬጅ ውስጥ ከሌሎች ጋር የታሰረ ቻናል ሲጠፋስ? በኦገስት 31 ቀን 2023 ዲዝኒና ቻርተር የሚባለው የኬብል ኩባንያ ተጣሉ። የስፖርት ቻናሉን ኢኤስፒኤንን ጨምሮ የዲዝኒ ቻናሎች ወደ 15 ሚሊዮን ከሚጠጋ ደንበኛ ቤት ጠፉ። የፓኬጁ ዋጋ ግን አንድ ድምር ነው። ከዚያ ውስጥ ኢኤስፒኤን ስንቱን እንደሚወስድ ደረሰኙ አይናገርም። ስለዚህ ደንበኛው ምን ያህል ይመለስልኝ እንደሚል እንኳ አያውቅም። በ2025 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ቲቪ የሚባለው የኢንተርኔት አከፋፋይ ከዲዝኒ ጋር ተጣልቶ ቻናሎቹ ሲጠፉበት ለደንበኞቹ 20 ዶላር ሰጥቷል። አሪፍ ነው። ግን ቁጥሩን የቆረጠው ራሱ ነው፤ ባይሰጥም የሚያስገድደው አልነበረም።

እኛ አገር ያለው በአብዛኛው ፓኬጅ ነው። ማራኪ ሰፈር አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የሚወዱት የድራማ ቻናል ከፓኬጃቸው ወጣባቸውና ጠሩኝ። ዲሹን አየሁት፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው። ካርዱ ይሠራል። ስልካቸውን አውጥተው የቴሌብር መልእክቱን አሳዩኝ። የከፈሉበት ቀን አለ፣ ብሩ አለ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ አለ። ምን እንደገዙ ግን የለም። ስንት ቻናል፣ የትኛው ቻናል፣ እስከ መቼ፣ ምንም። ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩላቸው። ልጅቷ ትሕትናዋ ልክ የለውም፤ ፓኬጅዎ ላይ ማሻሻያ ተደርጓል አለች። ዋጋውም አብሮ ተሻሽሏል ወይ አልኳት። የለም፣ ዋጋው እንዳለ ነው አለች። እትዬ ከጎኔ ሆነው፣ «ላም አለኝ በሰማይ በላት» አሉኝ። ሳተላይት ላይ ላለ ቻናል ከዚህ የተሻለ አባባል እኔ አላውቅም።

ጠበቃ ካስፈለገን እትዬ ይበቁናል።

ቀኑ አጋጣሚ ነው ስለሚሉት

ይሄኛው ብዙ አያከራክርም። የቀኖቹን ዝርዝር ማየት ብቻ ይበቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲቢኤስ የሚባለው ጣቢያና ታይም ዋርነር ኬብል የሚባለው የኬብል ኩባንያ (ከኤችቢኦ እናት ኩባንያ የተለየ ነው) ተጣልተው የሲቢኤስ ቻናል ሾውታይምም አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ ኦገስት 2 ተጀምሮ ሴፕቴምበር 2 አለቀ። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የሚጀምረው በዚያው ሳምንት ነበር። የዲዝኒና የቻርተር ጠብ የተፈታው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሲሆን፣ የወቅቱ የመጀመሪያ የሰኞ ምሽት ጨዋታ ሊጀመር የቀረው ሰዓታት ነበር። በ2024 ዲዝኒና ዳይሬክት ቲቪ ሲጣሉ ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ነው፤ የኮሌጅ ፉትቦል ገና ሲሟሟቅ። የ2025ቱ የዩቲዩብ ቲቪ ጠብ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ሊጉ እኩሌታ ላይ ነው።

ውል የሚያልቅበትን ቀን ሰዎች ተቀምጠው ነው የሚጽፉት። ተመልካቹ ያለ እሱ መኖር የማይችልበት ሳምንት ላይ እንዲወድቅ የቻናሉ ባለቤት አጥብቆ ይጠይቃል። ማንም በዝናብ ወቅት፣ ሊግ በሌለበት፣ ድራማ በተደገመበት ሳምንት ቻናል አጥፍቶ አያስፈራራም። ማን ይደነግጥለታል?

ወደ ሌላ አከፋፋይ ሂድ

ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ጣራ ላይ ወጥተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ወንበር ላይ ሆኖ ሲታሰብ ቀላል ነው። ስለዚህ እስቲ ጣራው ላይ ላውጣቸው።

ድሮ እዚህ ከተማ አብዛኛው ዲሽ ናይልሳትን ነበር የሚያየው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ናት፤ ስለዚህ ዲሹ ፊቱን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ አዙሮ ይቆማል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ጀመረና የአገር ውስጥ ቻናሎች ቀስ በቀስ ወደዚያ ተሰበሰቡ። ያኔ ዲሹን ሁሉ ነቅለን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ደግሞም በጣም ቀና አድርገን ማዞር ነበረብን። ዲኤስቲቪ ከሌላ ሳተላይት ነው የሚመጣው፤ 36 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከጎንደር አናት እምብዛም የማይርቅ ቦታ። እና የአንዱ ዲሽ ለሌላው አይሆንም። ወይ ታዞረዋለህ፣ ወይ ሁለተኛ ዲሽ ትገዛለህ። ካዞርከው የድሮው ጠፋ። ደግሞ ማዞር ማለት ቡሎኑን ማላላት ብቻ አይደለም። የአዘዞ ነፋስ አንዴ ከነካው ቡሎን ዝጎ አይፈታም፤ ቆርቆሮው ከእግርህ ሥር ይንጫጫል፤ ታች ያለው ልጅ «መጣ! አይ ሄደ! መጣ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ለሪሲቨሩ መለኪያ ከማደር ለልጁ ጩኸት ባድር ይሻለኛል፤ ልጁ አይዋሽም።

ከዚያ በኋላ ሪሲቨር አለ። የአንዱ ኩባንያ ዲኮደር ከሌላው ካርድ ጋር አይሠራም። ያንን ከገዛህ በኋላ የገዛህበት ምክንያት፣ ማለትም የምትፈልገው ጨዋታ፣ አዲሱ ዘንድ ላይኖር ይችላል። እዚህ ላይ ነው የእሳቸው ሐሳብ የሚወድቀው። መብት በብቸኝነት ለአንድ አከፋፋይ ከተሸጠ መሄጃ የለም።

ጎንደሬ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በዲኤስቲቪ የስፖርት ቻናል በሱፐርስፖርት መተላለፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉን በላ። ውድድሩ ግን በኮሮናው ጊዜ ሥርዓት በተመረጡ ከተሞች ነበር የሚካሄደው፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ጎንደር የለችበትም። አፄዎቹ ሻምፒዮን ሲሆኑ የራሳቸው ሕዝብ በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ቁጭ ብሎ አላያቸውም፤ ያያቸው በዲኮደር ነው። ዲኮደር የሌለው ፒያሳ ኳስ ቤት ገባ። አግዳሚው ሞልቶ መስኮት ላይ ይንጠለጠል ነበር። በር ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ዛሬ ፋሲል» ብቻ ይላል፤ ሰዓቱን መጻፍ አያስፈልግም ነበር፣ ሁሉም ያውቀዋል።

እሺ፣ በዚያ ወቅት መሃል አከፋፋዩና ባለመብቱ ተጣልተው ስርጭቱ ቢቋረጥ ኖሮ? አልሆነም፣ ተመስገን። ቢሆን ኖሮ ግን ያ ሁሉ ሰው ወደየት አከፋፋይ ነበር የሚሄደው? ለጸሐፊው ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ይቀራል ስለሚሉት

አልቀረም፤ ቦታ ነው የለወጠው። ኤችቢኦ ማክስ በሜይ 2020 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ሲጀምር የኢንተርኔት ቻናሎችን ወደ ቴሌቪዥን በሚያመጣው ሮኩ በሚባለው መሣሪያ ላይ አልነበረም። ሁለቱ በገቢ ክፍፍል አልተስማሙም። የተስማሙት ዲሴምበር ላይ ነው። አማዞን ፋየር የሚባለው ተመሳሳይ መሣሪያም ላይ እስከ ኖቬምበር አልገባም። ያ ሰው ኤችቢኦ ማክስን ከፍሎበታል፣ መሣሪያውንም ገዝቷል፣ ኢንተርኔቱም አለው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን አይመጣለትም። ከላይ ያነሣሁት ዩቲዩብ ቲቪም ዲሽ የለውም፤ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ነው። ጠቡ ግን ያው የኬብሉ ጠብ ነው።

የእኛን ከተማ ኢንተርኔት ልጨምርበት? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከርሟል። ያኔ ዲሽ ያለው ሰው ነው ዓለምን ሲያይ የነበረው። ደግሞ 90 ደቂቃ ኳስ በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው ካርዱን ሲሞላ ይውላል። ይሄን እዚህ ላይ ልተወው።

እኛን አይነካንም

የአፍሪካ ዋንጫን ላስታውሳቸው። ውድድሩ አይቮሪኮስት ላይ የተጀመረው ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከሰሐራ በታች ላለው አካባቢ የስርጭት መብቱን የያዘው የቶጎው ኒው ዎርልድ ቲቪ ነበር። ሱፐርስፖርት መጀመሪያ ውድድሩን አላሳይም አለ። ከዚያ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተስማምቶ አሳየ። እነዚያ ቀናት ጎንደር ውስጥ ምን ይመስሉ እንደነበር ልንገራቸው። ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ ይላል። የኳስ ቤት ባለቤቶች ወርሃዊውን ልክፈል ወይስ ልተው እያሉ ይደውሉልኛል። ከከፈሉና ዋንጫው ከሌለ ከሰሩ። ካልከፈሉና ካለ ደግሞ ደንበኛው ጎረቤት ይገባል። እኔ ምን ብዬ ልምከር? ቶጎ ያለ ኩባንያና ጆሃንስበርግ ያለ ኩባንያ የሚነጋገሩትን አራዳ ገበያ ያለ ሰው ከየት ይስማ? አንዱ ጋሼ ከፈለ፣ አንዱ ጠበቀ። ልክ የሆነው በዕድል ነው።

በሴፕቴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ የዲኤስቲቪን እናት ኩባንያ መልቲቾይስን ጠቀለለው። ካናል ፕላስ ራሱ ቻናል ይሠራል፣ ራሱም ያከፋፍላል። ከላይ የተናገርኩት የኤቲ ኤንድ ቲ ነገር ዓይነት ነው፤ የቻናሉና የዲሹ ባለቤት አንድ ሲሆን ሌላው ተወዳዳሪ ያንን ቻናል በስንት ይገዛዋል የሚል ጥያቄ ይመጣል። ገና ለገና መጥፎ ይሆናል አልልም። አይነካንም ግን አይባልም።

ሰርቨር አስሞሉ

የተቆለፈ ቻናል በኮድ የሚከፍትልህ ሰው ከተማው ውስጥ አይጠፋም፤ ጸሐፊውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ስብከት አልሰብክም። በሙያዬ የማየውን ብቻ ልናገር። ሰርቨር የሚሸጠው የዓመቱን በአንዴ ተቀብሎ ነው። አዘቦት ቀን ይሠራል። ትልቁ ደርቢ ሲመጣ ሁሉም አንዴ ይገባበትና ይቆማል፣ ይቆራረጣል። ትደውላለህ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አገልግሎት መስጠት አይችሉም። ሰውዬው ሲም ቀይሯል።

በትልቁም እንዲሁ ነው። ቢአውትኪው የተባለው የሌብነት አገልግሎት ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የኳታሩን ቢኢን ስፖርት ቻናሎች ሰርቆ በዓረብሳት ሞገድ ያሰራጭ ነበር። ጉዳዩ እስከ ዓለም ንግድ ድርጅት ደረሰ፤ በጁን 2020 ውሳኔ ተሰጠበት። ሳጥኑን ገዝቶ ይጠቀም የነበረው ሰው ግን በኦገስት 2019 ስርጭቱ ሲቆም ሳጥኑን ታቅፎ ቀረ። ማንም ቀሪ ሂሳብህ ይኸው አላለውም። በሕጋዊው መንገድ ገንዘቤ ይመለስ ብለን መጠየቅ እንኳ እንችላለን፤ እዚያ ግን ለማን አቤት ይባላል?

ስለ አዋጁ

መጨረሻ ላይ ያነሡት ትልቅ ነገር ነው። ሐሳባቸው ቀና ነው። እንዳሉት ቢደረግ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አከፋፋዩ አንድን ቻናል የግድ ያዝ ከተባለ የቻናሉ ባለቤት የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፤ እምቢ ማለት የለማ። አሜሪካኖች ይህን በ1992 ሕጋቸው አስበውበታል። የአካባቢ ጣቢያ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ የግድ ያዙኝ ይላል፣ ያኔ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም፤ ወይ በዋጋ ይደራደራል፣ ያኔ ደግሞ ካልተስማማ ይጠፋል። ግዴታና ነፃ ዋጋ አንድ ላይ አልተሰጠም።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ስካይ ቻናል ሠሪም አከፋፋይም ነው። በማርች 2007 ከቨርጂን ሚዲያ ጋር ተጣልቶ ስካይ ዋንን ጨምሮ ቻናሎቹ ከቨርጂን ላይ ጠፉ፤ የተመለሱት በኖቬምበር 2008 ነው። በ2010 ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ ስካይ ስፖርትስ 1 እና 2ን ለተፎካካሪዎችህ በተወሰነ ዋጋ አቅርብ ብሎ አስገደደው። ልብ በሉ፤ ሁሉንም ቻናል አላለም። ገበያውን አንቀው የያዙትን ሁለቱን ብቻ፣ ያውም ዋጋ ቆርጦ። በ2015 ደግሞ አያስፈልግም ብሎ አነሣው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የክፍያ ቴሌቪዥን፣ ለአገር ትልቅ ትርጉም አላቸው ተብለው የተለዩ ውድድሮችን ነፃ ቴሌቪዥን እንዳያሳይ በሚከለክል መንገድ በብቸኝነት መግዛት አይችልም። ይሄኛው ለእኛ ይስማማል። ብሔራዊ ቡድኑ፣ የአገር ውስጥ ሊጉ የመጨረሻ ሳምንታት፣ እንደዚህ ያለውን።

እኔ ብጠየቅ ግን ከዚያ በፊት ቀላሏን አስቀድማለሁ። ፓኬጅ ውስጥ የነበረ ቻናል ከጠፋ፣ የጠፋበት ቀን ተቆጥሮ ከሚቀጥለው ወር ሂሳብ በራሱ ይቀነስ። ደንበኛው ሳይደውል፣ ሳይለምን። የአሜሪካው ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጃንዋሪ 2024 ይህን የመሰለ ደንብ ለውይይት አቅርቦ ነበር፤ አከፋፋይ በጠብ ምክንያት ቻናል ከጠፋበት ለደንበኛው ይመልስ የሚል። የዚህ ጥቅሙ እትዬ ሃምሳ ብር ማግኘታቸው ብቻ አይደለም። ቻናሉ በጠፋ ቁጥር አከፋፋዩ የሚተርፈው ነገር ከሌለ፣ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ለመስማማት ይቸኩላል። የቻናሉ ባለቤትም ያቺን የሊግ መክፈቻ ሳምንት ይዞ የሚያስፈራራበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ያ ሳምንት ሲጠፋ ደንበኛው ገንዘቡን እያስመለሰ ነው።

ለዚህ አዲስ አዋጅ ያስፈልጋል ወይ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል። መሠረቱ አለ። የጎደለው ፈቃድ ሲሰጥ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ ፓኬጁ ውስጥ ያሉት ቻናሎች ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ አንዱ ከወጣ ዋጋው ይውረድ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የደረሰበትን ሁላችንም እናውቃለን። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ቻናል ይወደዳል፤ ይሄ ይገባኛል፣ አልከራከርም። የተወደደው ነገር ከጠፋ በኋላም እንደተወደደ መቆየቱ ነው ያልገባኝ።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል ስለ ዋጋ ጭማሪ እጽፋለሁ ብለዋል። እጠብቃለሁ። በዚያውም ቻናል በጠፋባቸው ቀናት ከእኛ የተሰበሰበው ገንዘብ ማን ኪስ እንደሚቀር ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። እትዬም ጠይቅልኝ ብለውኛል።